ለጊዜው የተሰጠ አደራ፦ ስለ ተለገሰ ፕላትሌት አያያዝና ስለ ስጦታ ፍጻሜ

አንድ ስጦታ ተፈጸመ የሚባለው ሰጪው ለመስጠት ልቡ በቆረጠበት ጊዜ ነው፣ ነገሩ ከእጁ በወጣበት ጊዜ ነው፣ ወይስ ተቀባዩ ዘንድ ደርሶ የታሰበለትን ሥራ በሠራበት ጊዜ? ጥያቄው በሥነ ምግባር ፍልስፍና ውስጥ የቆየ ሲሆን፣ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ስለ ውለታ በጻፈው መጽሐፍ የሰጠው መልስ ለብዙ ዘመን ሲያከራክርም ሲያሳምንም ኖሯል። በእርሱ አስተሳሰብ ውለታ ማለት የተሰጠው ወርቅ ወይም እህል ሳይሆን የሰጪው በጎ ፈቃድ ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ እንኳ ውለታው እንደጸና ይኖራል፣ መጀመሪያውኑ ማደሪያው ዕቃው አልነበረምና። ለዚህ የቀረበ ሐሳብ በሃይማኖት ትምህርትም ውስጥ አለ፤ በወንጌል የአንዲት ድሃ መበለት ሁለት ሳንቲም ከባለጸጎች መባ በልጦ ተቆጥሯል፣ በእስልምናም የሥራ ሁሉ ዋጋ በኒያ፣ ማለትም ሠሪው በልቡ በያዘው ውጥን፣ ይመዘናል።

ሰጪውን ለመመዘን ይህ መልስ በቂ ሊሆን ይችላል። ስጦታው ከሰጪው እጅ ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በሌሎች ሰዎች እጅ የሚያልፍና በየሰዓቱ የሚለወጥ ሲሆን ግን ጥያቄው መልኩን ይቀይራል፤ የእንዲህ ዓይነቱን ስጦታ ባሕርይ አጉልቶ የሚያሳየው ደግሞ ለሕሙማን የሚለገሰው ፕላትሌት ነው።

ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ፣ ከቀይና ከነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ያነሰ የደም ክፍል ነው። በመቅኔ ውስጥ የሚገኙ ሜጋካርዮሳይት የተባሉ ግዙፍ ሕዋሳት ከአካላቸው እየቆረሱ ወደ ደም ሥር የሚለቁት ቁራሽ በመሆኑ፣ የዘር መረጃ የሚቀመጥበት ኒውክሊየስ የለውም፤ ስለዚህ ራሱን ሊያባዛ አይችልም፣ የተጎዳ አካሉን የመጠገን አቅሙም ውስን ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በእያንዳንዱ ማይክሮሊትር፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሺኛ ውስጥ፣ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት ይገኛል፤ እያንዳንዱም ከ8 እስከ 10 ቀን ያህል ብቻ ይኖራል። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራሱን የቻለ የደም ክፍል መሆኑንና በደም መርጋት ውስጥ ያለውን ድርሻ ገለጸ፤ አሜሪካዊው ዊልያም ዱክ ደግሞ በ1910 የፕላትሌት ቁጥራቸው እጅግ አንሶ ደማቸው አልቆም ያለ ሕሙማን የሌላ ሰው ደም ሲሰጣቸው መድማታቸው እንደሚገታ አሳየ። ዛሬ ፕላትሌት በብዛት የሚፈለገው የደም ካንሰር ላለባቸውና መቅኔያቸው በኬሞቴራፒ ለደከመ ሕሙማን፣ እንዲሁም በአደጋ፣ በወሊድ ወይም በቀዶ ሕክምና ብዙ ደም ለፈሰሳቸው ነው።

ከአንድ ለጋሽ ክንድ የተቀዳ ደም ተለያይቶ ሲቀመጥ ክፍሎቹ የሚቆዩበት ጊዜ እኩል አይደለም። ፕላዝማ፣ ማለትም ሕዋሳቱ የሚንሳፈፉበት ቢጫ ፈሳሽ፣ በረዶ ሆኖ ለአንድ ዓመት ይቆያል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ተስማሚ ፈሳሽ ተጨምሮለት በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 42 ቀን ያገለግላል፤ ፕላትሌት ግን በተለመደው አያያዝ የሚፈቀድለት 5 ቀን፣ ተጨማሪ የባክቴሪያ ምርመራ በሚደረግባቸው አገሮች ደግሞ 7 ቀን ነው። ከዚህም ላይ ለተላላፊ በሽታ ምርመራና ለማጓጓዣ የሚሄደው ጊዜ ሲቀነስ ለሆስፒታሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ ለጋሹ ክንዱን ዘርግቶ ሲነሣ የሰጠው ነገር ሕዋሳቱን ብቻ አይደለም፤ ማለቅ የጀመረ ጊዜም አብሮ ሰጥቷል፣ ያንን ጊዜ የሚያባክነው ወይም የሚጠቀምበት ደግሞ እርሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለው ስጦታ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል የቆመው ጠባቂ ድርሻውን እስኪወጣ ድረስ ከስጦታነቱ ይልቅ አደራነቱ ያይላል፤ አደራውም ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሊያደርግ የሚችለውን ነገር ይጨምራል።

ጥበቃው የሚጀምረው በማከማቻው ክፍል ሳይሆን በመርፌው፣ እንዲያውም ከመርፌው አስቀድሞ ነው። አስፕሪን የወሰደ ሰው ፕላትሌቶች እርስ በርስ ለመጣበቅ ከሚረዷቸው መንገዶች አንዱን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያጣሉ፣ ኒውክሊየስ ስለሌላቸው መድኃኒቱ ያሰናከለውን ኢንዛይም በሌላ የሚተኩበት መንገድ የላቸውምና፤ ስለዚህም በአሜሪካ ደንብ አስፕሪን ከወሰደ ሁለት ሙሉ ቀን ያልሞላው ሰው ለአንድ ሕመምተኛ የሚሰጠው ፕላትሌት ብቸኛ ምንጭ ሊሆን አይፈቀድለትም። መርፌው ቆዳን ሲበሳ በቆዳው ላይና ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ከደሙ ጋር ሊገባ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ የሚወጣው 30 ወይም 40 ሚሊሊትር ያህል ደም ወደ ዋናው ከረጢት ሳይደርስ ወደ ትንሽ የጎን ከረጢት እንዲዞር ተደርጎ ለምርመራ ይውላል።

አወሳሰዱ ሁለት ዋና መንገድ አለው። በአንደኛው ሙሉ ደም ይቀዳና ሴንትሪፊዩጅ በተባለው፣ በፍጥነት እያሽከረከረ ፈሳሽን እንደየክብደቱ በሚለይ መሣሪያ ይከፋፈላል፤ በአሜሪካ በተለመደው ዘዴ ፕላትሌት የበዛበት ፕላዝማ አስቀድሞ ተለይቶ እንደገና በኃይል ይሽከረከራል፣ በአውሮፓ በተለመደው ዘዴ ግን በቀይ ሕዋሱና በፕላዝማው መካከል የሚቀረው ስስና ነጣ ያለ ንጣፍ ተወስዶ፣ የበርካታ ለጋሾች አንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ በቀስታ ይሽከረከራል። በመጀመሪያው ዘዴ ፕላትሌቶቹ በከረጢቱ ግርጌ ተጨምቀው ስለሚጠቀጠቁ ያለ ጊዜያቸው ይነቃቃሉ፤ በሁለተኛው ቀይ ሕዋሳቱ ከሥራቸው ተነጥፈው ስለሚቀበሏቸው ጫናው ይቀላል። አፈሬሲስ በሚባለው በሌላው መንገድ ለጋሹ ከማሽን ጋር ይያያዝና ደሙ ወጥቶ ፕላትሌቱ ከተለየ በኋላ የቀረው ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፤ በዚህ መንገድ ከአንድ ሰው ለአንድ ሕመምተኛ የሚበቃ፣ በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 300 ቢሊዮን ፕላትሌት ይገኛል። ከአንድ ከረጢት ሙሉ ደም የሚጠበቀው ዝቅተኛ መጠን 55 ቢሊዮን በመሆኑ፣ ያንኑ ለመሙላት የአራት፣ የአምስት ወይም የስድስት ሰው ልገሳ መደመር አለበት። በሁለቱም መንገድ ደሙ እንዳይረጋ ሲትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ይጨመራል፤ ሲትሬት ካልሲየምን ስለሚይዝ ብዙ የአፈሬሲስ ለጋሾች ከንፈራቸው አካባቢ መንዘር ይሰማቸዋል፣ ይህም ልገሳው ለጋሹ ምንም የማይከፍልበት ነገር እንዳልሆነ ያስታውሳል።

ሙሉው ደም ሳይለያይ ወደ ቀይ ሕዋስ ማቀዝቀዣ ከገባ ከውስጡ ጥሩ ፕላትሌት አይገኝም፤ በክፍል ሙቀት ተጠብቆ፣ እንደየአገሩ ደንብ በ8 ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ መለያየት ይኖርበታል። ከተለየ በኋላ ደግሞ መሽከርከሩ ያነቃቃቸው ሕዋሳት እንዲረጋጉና ተያይዘው የነበሩት እንዲላቀቁ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይነካ ይቀመጣል። ስለዚህ ደሙን የሚቀዳውና የሚለየው ሰው ችኮላም ሆነ መዘግየት፣ ለጋሹ ጨርሶ በማያውቀው መልኩ፣ በስጦታው ላይ ምልክቱን ይተዋል።

ከእነዚህ ጥንቃቄዎች መካከል በመሣሪያ ሊተካ የማይችለው የለጋሹ እውነተኛ ቃል ነው። ምርመራ ሁሉንም አያገኝም፤ ለጋሹ ስለ ወሰደው መድኃኒት፣ ስለ ትኩሳቱና ስለ አኗኗሩ የሚሰጠው መልስ ሐሰት ከሆነ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ በሐሰት ላይ የተሠራ ይሆናል። እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ፖሊሲ ምሁር ሪቻርድ ቲትመስ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በገንዘብ የተገዛ ደም በነጻ ከተለገሰው ይልቅ ሄፓታይተስ የተባለውን የጉበት በሽታ ይዞ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ይህም ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው ሕመሙን የሚደብቅበት ምክንያት ስላለው ነው ሲል ተከራከረ። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው በ1972 ገበያ መኖሩ መስጠት የሚፈልገውን ሰው እንዴት እንደሚከለክለው አልተብራራም ብሎ ሞገተው፤ ፈላስፋው ፒተር ሲንገር በ1973 ለቲትመስ ወግኖ መልስ ጻፈ። ከ1978 ጀምሮም በአሜሪካ በደም ከረጢት ላይ ለጋሹ ተከፋይ ወይም በጎ ፈቃደኛ መሆኑ እንዲጻፍ ታዟል። በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፈው ነገር ግን ቲትመስ ትክክል ከሆነ ሴኔካ ሙሉ በሙሉ ትክክል ሊሆን አለመቻሉ ነው። ሴኔካ የሰጪውን ልብና የተሰጠውን ዕቃ በሁለት ወገን አቁሟቸው ነበር፤ በደም ልገሳ ውስጥ ግን ሰጪው በልቡ የያዘው ነገር በከረጢቱ ውስጥ ካለው ነገር ጋር ይገናኛል። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የኖረው፣ የታካሚ ዘመድ በወጣው ደም ምትክ እንዲሰጥ የሚጠየቅበት ልማድም አጠያያቂ የሚሆነው ከዚህ አንጻር ነው፤ ዘመዱ ክፉ ሐሳብ ስላለው ሳይሆን፣ በቤተሰቡ ፊት የቆመ ሰው የእኔ ደም ባይወሰድ ይሻላል ለማለት ድፍረት ስለሚያጥረው ነው።

ወደ ማከማቸቱ ስንመጣ፣ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ፕላትሌት በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይቀመጥ ነበር፤ ብርድ መበላሸትን ያዘገያል የሚለው የሰው ልጅ የቆየ ልምድ በዚህም የሚሠራ ይመስል ነበርና። በ1969 ስኮት መርፊና ፍራንክ ጋርድነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ22 ዲግሪ የተቀመጡት ፕላትሌቶች ወደ ሰው ከተመለሱ በኋላ በብርድ ከቆዩት ይልቅ ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ እንደሚዘዋወሩ አሳዩ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የተገለጠው፤ ፕላትሌት ሲቀዘቅዝ ጠፍጣፋ ቅርጹን ትቶ ይድቦለቦላል፣ በገጹ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች በአንድ ስፍራ ይሰባሰባሉ፣ ጫፋቸውን የሚሸፍነው የስኳር ክፍልም ይራገፋል፤ በጉበት ውስጥ ያሉ ሕዋሳትም ያረጀ አድርገው ቆጥረው ከደም ያወጡታል።

ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ደንብ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን፣ ከረጢቱም ቀንና ሌሊት በመሣሪያ ላይ በቀስታ እየተወዛወዘ ይቆያል። መወዛወዙ ለከንቱ አይደለም። ፕላትሌት በከረጢት ውስጥ ሕይወቱን አላቋረጠም፤ ስኳር ይጠቀማል፣ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ኦክስጅን በፕላስቲኩ አልፎ ካልደረሰው ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ መለወጡን ያበዛል፤ አሲዱ በፕላዝማው ውስጥ ያለውን፣ አሲድን የሚያለዝበውን ባይካርቦኔት ከጨረሰ በኋላ ፒኤች የተባለው የአሲድነት መለኪያ ይወርዳል፣ ከ6.2 በታች ሲደርስም ፕላትሌቱ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። የቀድሞዎቹ ከረጢቶች አየር በሚገባ ስለማያስተላልፉ ከ3 ቀን በላይ ማቆየት አይቻልም ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሻለ ፕላስቲክ ሲገኝ ጊዜው ረዘመ፣ በአሜሪካም በ1984 እስከ 7 ቀን ተፈቀደ። በ1986 ግን ወደ 5 ቀን ተመለሰ፤ ያስመለሰው የፕላትሌቱ መድከም ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ለፕላትሌት የሚስማማው ሙቀት ለባክቴሪያም ስለሚስማማ፣ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት የነበረው ተሐዋስ በሰባተኛው ቀን ሕመምተኛውን ሊገድል የሚችል ብዛት ይደርሳል።

ሁሉም ጥንቃቄ ተደርጎ እንኳ ባለሙያዎች የማከማቻ ጉዳት የሚሉት ለውጥ አይቀርም፤ ፕላትሌቱ በውስጡ የያዛቸውን ንጥረ ነገሮች ቀስ በቀስ ያፈስሳል፣ ለቁስል ሊወጡ የሚገባቸው ፕሮቲኖች ቁስል ሳይኖር በገጹ ላይ ይታያሉ፣ ኃይል የሚያመነጩለት ክፍሎች ይደክማሉ፣ ከአካሉም ጥቃቅን ቅንጣቶች ይቆረሳሉ። አብረውት የተቀዱት ነጭ የደም ሕዋሳት አስቀድመው ተጣርተው ካልወጡ በከረጢቱ ውስጥ እየፈረሱ በተቀባዩ ላይ ትኩሳት የሚያስነሱ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ባለሙያው ከረጢቱን በብርሃን ፊት ይዞ በቀስታ ሲያዟዙረው ቅርጻቸውን የጠበቁት ሕዋሳት ብርሃኑን እየበተኑ የሚንቀሳቀስ ጮራ ያሳያሉ፣ የተድቦለቦሉት ግን አያሳዩም፤ ይህን ያህል መሣሪያ በተሠራበት ዘመን የሠለጠነ የሰው ዓይን ሥራ አለመፍታቱ ደስ ያሰኛል።

እንግዲህ ጠባቂው ተጠያቂ የሚሆነው በየትኛው መበላሸት ነው? ስለ አደራ የተጻፉ ጥንታዊ ሕጎች ይህንን ጥያቄ በጥንቃቄ ይዘውታል። ኦሪት ዘጸአት በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ እንዲጠብቅ በተሰጠው ሰው እጅ የሞተውን፣ የተሰረቀውንና አውሬ የሰበረውን እንስሳ እየለየ ይፈርዳል፤ ለተሰረቀው ጠባቂው ይከፍላል፣ አውሬ ለሰበረው ማስረጃ አቅርቦ ነጻ ይወጣል፣ ማንም ሳያይ ለሞተው በመሐላ ይዳኛል። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የሕግ ምንጭ የነበረው ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ ነው፤ በውስጡ ባባ መጺዓ በሚባለው ክፍል ሊቃውንቱ ስለሚበላሽ አደራ ለይተው ተከራክረዋል። አንድ ሰው እህል ወይም ፍሬ ባልንጀራው ዘንድ ቢያስቀምጥና ፍሬው መበላሸት ቢጀምር፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት ጠባቂው እንዳይነካው ይፈርዳሉ፤ ረባን ስምዖን የገማልያል ልጅ ግን የጠፋን ንብረት ለባለቤቱ እንደ መመለስ ስለሚቆጠር በዳኞች ፊት ይሽጠው ይላል። ሚሽናን የሚተነትነው ታልሙድ የብዙዎቹን ፍርድ ሲያብራራ ከሚያነሣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሰው በገዛ ድካሙ ያፈራውን ጥቂት ከሌላው ብዙ አብልጦ የሚወድ መሆኑ ነው።

ይህ ምክንያት በፕላትሌት ላይ አይሠራም። ለጋሹ የራሱን መልሶ አይፈልግም፤ ለማን እንደሚደርስም አያውቅም፣ ተቀባዩም ከማን እንደ መጣለት አያውቅም፤ የመካከለኛው ዘመን ፈላስፋ ማይሞኒዲስ ምጽዋትን በደረጃ ሲከፍል እንዲህ ያለውን፣ ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን፣ ከሁሉ በላይ ከሆነው ቀጥሎ አስቀምጦታል። ባለቤቱ የራሱን የመፈለግ መብቱን አስቀድሞ ከተወ፣ እንዳይነካ የሚለው ፍርድ የቆመበት መሠረት ይፈርሳል፣ የሚቀረውም የስምዖን ብያኔ ነው፤ ጠባቂው ነገሩ በእጁ እንዲጠፋ መተው ስለማይገባው፣ ሳይበላሽ ወደሚጠቀምበት ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት።

ያው ሚሽና ቀጥሎ ጠባቂው እህሉን ሲመልስ በተፈጥሮ ለሚጎድለው ስንት ሊቀንስ እንደሚችል በየእህሉ ዓይነት ይወስናል፤ ለስንዴ የሚፈቀደው ከገብስ ያነሰ ነው። አንዱ ሊቅ፣ ረቢ ዮሐናን የኑሪ ልጅ፣ አይጥ የምትበላው ክምሩ ብዙ ሆነ ጥቂት ያው ነው በሚል ስሌቱን ይቃወማል፤ በሕግ ክርክር ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ መገኘቱ መልካም ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዲስ የፕላትሌት አያያዝ ዘዴ ሲቀርብለት የሚመዝንበት መንገድ ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም፤ የተከማቸው ፕላትሌት በመጠነኛ የጨረር ምልክት ታውቆ ወደ ራሱ ለጋሽ ሲመለስ፣ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከዚያው ሰው ትኩስ ፕላትሌት ጋር ተነጻጽሮ ቢያንስ 66 ከመቶ፣ በሕይወት የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ቢያንስ 58 ከመቶ እንዲሆን ይጠየቃል። ትኩሱም ቢሆን ሁሉ በደም ውስጥ አይገኝም፣ ሲሶው ያህል በጣፊያ ይያዛልና። ከዚህ የሚገኘው የሥነ ምግባር ነጥብ፣ ፍጹም አድርጎ ማቆየት ከጠባቂው አለመጠየቁ ነው፤ ተፈጥሮ የምትወስደው ድርሻ አለ፣ ጠባቂው የሚጠየቀው ከዚያ በላይ ስለጎደለው፣ በቆመ ማወዛወዣ፣ በተዘጋ ክፍል ሙቀት ወይም በቸልታ በተጸዳ ክንድ ስለጠፋው ነው።

መጠበቅ ራሱ ምን ማለት እንደሆነም ከዚህ ጋር ይነሣል። በታልሙድ ሳሙኤል የተባለው ሊቅ ገንዘብን በአደራ የተቀበለ ሰው በሚገባ ጠበቀ የሚባለው መሬት ውስጥ ሲቀብር ብቻ ነው ይላል፤ በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ መክሊቱን ቆፍሮ የቀበረው አገልጋይ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል ሲመልስ፣ ሰነፍ ተብሎ ይወገዛል። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት አንዱ ስለ ሕግ፣ ሌላው ስለ መንግሥተ ሰማያት ስለሚናገር ብቻ አይደለም፤ ሳሙኤል የሚናገረው እንደነበረ ሆኖ መቆየት ስለሚችል ነገር ሲሆን፣ ምሳሌው ግን ሳይሠራበት ሲቀር ትርጉሙን ስለሚያጣ ነገር ይናገራል። ፕላትሌት ከሁለተኛው ወገን ነው። እንደ ውድ ዕቃ በብርድ ተቆልፎበት፣ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ከረጢት ክብደቱም ቀለሙም ሳይጎድል የተሰጠበትን ምክንያት ያጣል፤ የሚድነው አየር በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ውስጥ፣ በሙቀት፣ በእንቅስቃሴ፣ ማለትም ለአደጋ በሚያጋልጠው ሁኔታ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ታማኝነት ከመቆለፍ ጋር አንድ አይደለም።

ጥራት የሚባለውም ነገር ቢሆን አንድ አለመሆኑን የብርዱ ታሪክ ተመልሶ አስተምሯል። አርስቶትል የአንድ ነገር መልካምነት የሚታወቀው ነገሩ ሊሠራ ከተፈጠረለት ሥራ ነው ብሎ አስተምሯል፤ ፕላትሌት ግን በሕክምና ውስጥ ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል። መቅኔው የደከመ ሕመምተኛ፣ ገና ሳይደማ፣ ቁጥሩ ከ10,000 በታች ሲወርድ ለመከላከል የሚሰጠው ፕላትሌት ለቀናት በደም ውስጥ መዘዋወር አለበት፤ በመኪና አደጋ ደሙ እየፈሰሰ ለመጣ ሰው የሚሰጠው ደግሞ አሁኑኑ ቁስሉ ላይ መጣበቅ አለበት፣ ነገ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም። በብርድ የቆየው ቶሎ የሚነቃቃና ቶሎ የሚጠፋ ስለሆነ ለመጀመሪያው ሰው ደካማ፣ ለሁለተኛው ግን ተስማሚ ነው፤ ባክቴሪያም በብርድ እንደ ልቡ አያድግም። በዚህ መሠረት የአሜሪካው አስተዳደር በ2023 የተለመደው ፕላትሌት በማይገኝበት ወይም ለመጠቀም በማይመችበት ጊዜ፣ ከ1 እስከ 6 ዲግሪ የተቀመጠ ፕላትሌት እየደማ ላለ ሕመምተኛ እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ፈቅዷል። በ1969 ስሕተት ተብሎ የተተወው አያያዝ ለሌላ ሕመምተኛ ትክክል ሆኖ ተመለሰ። ጠባቂው ስለዚህ አደራውን በሚገባ ጠብቋል ወይ ተብሎ ሊጠየቅ የሚችለው ለማን የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ከተመለሰ ብቻ ነው።

አደራው ግን ወደ ፊት ለሚመጣው ሕመምተኛ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ለጋሹም ይመለከታል። ይህንን ወገን በግልጥ ያወጣው በእስራኤል በጥር 1996 የታወቀው ጉዳይ ነው። ማአሪቭ የተባለው ጋዜጣ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን የሚለግሱት ደም፣ በመካከላቸው የኤችአይቪ ሥርጭት ከፍ ያለ ነው በሚል ምክንያት፣ እየተቀበሉ በድብቅ ይጣል እንደነበር አጋለጠ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተቃውሞ አሰሙ፣ ከፖሊስ ጋር በተነሣው ግጭትም ብዙዎች ተጎዱ፤ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን ሰብሳቢነት ተቋቋመ። በ2013 የምክር ቤት አባል የነበሩት ፕኒና ታማኖ ሻታ በምክር ቤቱ ግቢ ደም ሊሰጡ ቀርበው እንደ ሌላው ሰው እንደማይወሰድላቸው ሲነገራቸው ቁስሉ እንደገና ተቀሰቀሰ። ነገሩ ስለ ሙሉ ደም እንጂ ስለ ፕላትሌት ለብቻው አልነበረም፤ ለተነሣው ጥያቄ ግን ልዩነት የለውም። ለጋሽን መምረጥ የደም ባንክ መብት ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩ ያለበት ግዴታ ነው፤ ምርጫው በአንድ ሕዝብ ትውልድ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሰው ሁኔታና በምርመራ ላይ መቆም ነበረበት የሚለው ክርክር ለብቻው ብዙ የሚያስኬድ ነው። ከዚያ ሁሉ የከፋው ግን መቀበሉ ነው። አልቀበልም የተባለ ሰው ተከፍቶ ይሄዳል፤ ተቀበልንህ ተብሎ የተጣለበት ሰው ግን በእርሱ ስም ያልተደረገ ነገር እንደተደረገ ሆኖ ተነግሮታል። ሴኔካ ውለታው በለጋሾቹ ልብ ውስጥ ሳይጎድል አለ ይል ነበር፣ ይህም ስለ ለጋሾቹ እውነት ነው፤ ስለ ተፈጸመባቸው በደል ግን ምንም አይነግርም። በደሉን ለመናገር የሚያስፈልገው የአደራ ቋንቋ ነው፤ ለመጠበቅ ሳያስብ እጁን ዘርግቶ የተቀበለ ሰው ዕቃው ከመበላሸቱ በፊት አደራውን አፍርሷል።

ይህን ከሰማ በኋላ አንድ ለጋሽ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው አልፎ የተጣለው ከረጢትም ያው በደል ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም። አይደለም። በመስከረም 2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ከደረሰው ጥቃት በኋላ በጣም ብዙ አሜሪካውያን ደም ሰጥተው፣ ከጥቃቱ የተረፉት ቁስለኞች ጥቂት በመሆናቸው ብዙው ሳያገለግል ጊዜው አልፎበታል፤ ይህ በዕቅድ ጉድለት ሊወቀስ ይችላል እንጂ ማታለል የለበትም። አምስት ቀን የሚቆይ ነገር ሁልጊዜ እንዲኖር የሚፈልግ ሆስፒታል አንዳንዱን መጣሉ አይቀርም፤ ምንም የማይጥል ደም ባንክ አንድ ቀን ለሚደማ ሰው የሚሰጠው አጥቷል ማለት ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ከመጣሉ በፊት ባለው ቀን ላይ ነው። ደም ባንኮች ብክነትን ለመቀነስ በአብዛኛው አስቀድሞ የተቀዳውን አስቀድመው ይሰጣሉ፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ሕመምተኛ የሁለት ቀን ከረጢት ሲያገኝ፣ ከእርሱ በፊት የደረሰው የአምስት ቀኑን ያገኛል፣ ሁለቱም ግን ይህን አያውቁም። በአሜሪካ በተደረገ አንድ ሰፊ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ2012 የወጣ ትንተና፣ ቆይቶ የተሰጠው ፕላትሌት በተቀባዩ ደም ውስጥ የሚያስገኘው የቁጥር ጭማሪ አነስ ቢልም በመድማት ረገድ ልዩነት እንዳልታየ አመልክቷል፤ ስለዚህ አሠራሩ ቢያንስ ለመከላከል በሚሰጠው ላይ ፍትሐዊ ነው ለማለት ምክንያት አለ። ከዚህ አልፎ ግን፣ ነገ የሚያልቅበትን ከረጢት የደም ዓይነቱ በትክክል የሚገጥም ሰው እስኪመጣ ይዞ ከመቆየት፣ ዓይነቱ በከፊል ለማይገጥም፣ ወይም በሌላ ሆስፒታል ላለ ሕመምተኛ ዛሬውኑ መላክ ይሻል እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል፤ ፕላትሌት ከቀይ ሕዋስ በተለየ እንዲህ ያለውን አለመግጠም በመጠኑ ይታገሣል። የስምዖን ብያኔ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀር ቃል አለው፤ ሽያጩ በዳኞች ፊት እንዲሆን ያዛል እንጂ ጠባቂው ብቻውን እንዲወስን አይተወውም። በሆስፒታል ውስጥ የዚያን ፍርድ ቤት ስፍራ ሊይዝ የሚችለው ሐኪሞች፣ ነርሶችና የደም ባንክ ባለሙያዎች አብረው የሚቀመጡበት የደም አሰጣጥ ኮሚቴ ነው፤ ሊያልቅ የተቃረበ ከረጢት ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ ቀድሞ በጽሑፍ ካልወሰነ፣ ውሳኔው በሌሊት ተረኛ በሆነ አንድ ሠራተኛ ላይ ይወድቃል፣ እርሱም እንዳይወቀስ ሲል ከረጢቱን በማወዛወዣው ላይ ትቶ ማንጋቱ አይቀርም።